ሙቀትን በሙቀት ውስጥ ማየት፦ ስፒንትሮኒክስና ታህተ ቀይ ብርሃን

በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ቀጨኔ የሚባል ሰፈር አለ። ሰፈሩ በሸክላ ሥራው የታወቀ ነው። ሸክላ ሠሪዎቹ ጀበናውንና ምጣዱን አበጅተው ካደረቁ በኋላ በእሳት ይተኩሱታል። ከእሳት የወጣ ምጣድ መጀመሪያ ፍም መስሎ ይቀላል፤ ጥቂት ቆይቶ ቅላቱ ይጠፋል። ቅላቱ ጠፋ ማለት ግን በረደ ማለት እንዳልሆነ ሸክላ ሠሪዋ ታውቃለች። ስለዚህ ምጣዱን ከመንካቷ በፊት መዳፏን በጎን በኩል ታስጠጋለች። ነፋሱ ከጀርባዋ ወደ ምጣዱ ቢነፍስ እንኳ መዳፏ ይሞቃል።

ለመሆኑ ይህን ሙቀት ወደ መዳፏ ያደረሰው ምንድን ነው? አየሩ እንዳንል ነፋሱ ተቃራኒ ነው። ንክኪ እንዳንል ምጣዱ አልተነካም። ያደረሰው ብርሃን ነው፤ ነገር ግን ዓይን የማያየው ብርሃን ነው። ይህ ብርሃን ኢንፍራሬድ ወይም ታህተ ቀይ ይባላል። የሸክላ ሠሪዋ መዳፍም፣ ምንም እንኳ እምብዛም ስሱ ባይሆን፣ ያለ አንዳች ማቀዝቀዣ የሚሠራ የታህተ ቀይ ጠቋሚ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ጥያቄ ከዚህ መዳፍ የሚነሣ ነው። መዳፍ ሳይቀዘቅዝ የሚሰማውን ብርሃን፣ የሳይንስ ቤተ ሙከራዎች በጥራት ለመለካት ለምን ከዜሮ በታች ወደ 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ቅዝቃዜ ይሻሉ? ስፒንትሮኒክስ የተባለው አዲስ የፊዚክስ ዘርፍስ ከዚህ ዕዳ ሊያላቅቀን ይችላል?

ከቀይ በታች ያለው ብርሃን

እ.ኤ.አ. በ1800 በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዊልያም ኸርሼል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም አልፎ በቀለማት እንዲበተን አደረገ። በየቀለሙ ላይም ቴርሞሜትር አኖረ። ቴርሞሜትሩን ከቀዩ ቀለም አልፎ ምንም ብርሃን ወደማይታይበት ሥፍራ ሲያዛውረው የሙቀት መለኪያው ከሁሉ ይበልጥ ከፍ አለ። ዓይን ባዶ ነው ባለው ሥፍራ ቴርሞሜትሩ ብርሃን አገኘ።

ዛሬ እንደምናውቀው ማንኛውም አካል፣ ድንጋይም ሆነ ሰው፣ መጠነ ሙቀቱ ከፍጹም ዜሮ በላይ እስከሆነ ድረስ ብርሃን ያፈልቃል። አካሉ በሞቀ ቁጥር የብርሃኑ ብዛት ይጨምራል፤ የሞገድ ርዝመቱም ያጥራል። የፀሐይ ገጽ በ5800 ኬልቪን ገደማ ስለሚግል ብርሃኑ የሚበረታው በ0.5 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ነው፤ ይህም ለዓይን የሚታይ ነው። በ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የጋለ ምጣድ ብርሃን በ3 ማይክሮ ሜትር ገደማ ይበረታል። የሰው ገላ ደግሞ ከ9 ማይክሮ ሜትር ጥቂት ከፍ ባለ የሞገድ ርዝመት ላይ ይበራል። እያንዳንዳችን በጨለማ ውስጥ እንደ ፋኖስ የምናበራ ነን፤ የሚያየን ዓይን ግን የለንም።

ይህ ብርሃን ጥቂት አይደለም። ቆዳችን 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን፣ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወደ 500 ዋት ገደማ ይፈልቃል። ታዲያ ስለምን በብርድ አናልቅም? 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው የክፍሉ ግድግዳም በበኩሉ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወደ 420 ዋት ገደማ ስለሚመልስልን ነው። የምናጣው ልዩነቱን ብቻ ነው። አንባቢ ይህን ስሌት በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ የነገሩ ሁሉ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነውና። በታህተ ቀይ ዓለም ጨለማ የሚባል ነገር የለም። ግድግዳው ያበራል፣ መሬቱ ያበራል፣ መለኪያው ራሱም ያበራል። አንድ የሰው ግንባር ከሌላው በ0.1 ዲግሪ መብለጡን ለማወቅ፣ ከጠቅላላው ብርሃን ውስጥ ከ750 አንድ እጅ የምታክለውን ልዩነት ለይቶ ማውጣት ያስፈልጋል።

ሁለት ዓይነት ጠቋሚዎች

በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየባንኩ በር ላይ ሽጉጥ መሳይ ቴርሞሜትር የያዙ ጥበቃዎች ቆሙ። ወረርሽኙን የመቆጣጠሩ ሥራ ከተመራባቸው ተቋማት አንዱ የሆነው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኘው እዚሁ ጉለሌ ነው። በዚያን ጊዜ ያ መሣሪያ በግንባሩ ላይ ያልተደቀነበት የከተማ ነዋሪ አይኖርም ማለት ይቻላል።

መሣሪያው ወደ ግንባር የሚልከው ጨረር አልነበረም። ብዙ ሰው ይህን ሰግቶ እጁን ዘርግቶ ይለካ ነበር። መሣሪያው ግንባር የሚያፈልቀውን ብርሃን የሚቀበል እንጂ የሚሰጥ አይደለም። በውስጡ ቴርሞፓይል የሚባል፣ ከሁለት ዓይነት አስተላላፊ ቁሶች መጋጠሚያዎች የተሠራ ትንሽ ገበታ አለ። ብርሃኑ ገበታውን በእጅጉ ጥቂት ያሞቀዋል፤ በሞቀውና ባልሞቀው ጫፍ መካከል ቶማስ ዜቤክ እ.ኤ.አ. በ1821 ያገኘው የኤሌክትሪክ ውጤት ይፈጠራል። ማቀዝቀዣ አልተጠየቀም። የሚያሳየው ቁጥር ግን በእንጦጦ ነፋስ የቀዘቀዘን ግንባር ከጤነኛ በታች፣ በፀሐይ የተመታን ግንባር ከጤነኛ በላይ አድርጎ ሲያወጣ ሁላችንም አይተናል።

ይህ ከሁለቱ የጠቋሚ ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ሙቀት ጠቋሚ ልንለው እንችላለን። ብርሃኑ መጀመሪያ ቁሱን ያሞቃል፤ የሞቀው ቁስ ጠባዩን ይለውጣል፤ እኛም ለውጡን እንለካለን። ሳሙኤል ላንግሌይ በ1870ዎቹ መጨረሻ የሠራው ቦሎሜትርም በዚህ ዓይነት የሚመደብ ነው። በዛሬዎቹ የሙቀት ካሜራዎች ውስጥ ያሉት በማይክሮ ሜትር የሚለኩ ቦሎሜትሮችም እንዲሁ ናቸው። ከቫናዲየም ኦክሳይድ የሚሠሩ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ የአንድ ዲግሪ ለውጥ የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሳቸው ወደ 2 በመቶ ገደማ ይለወጣል።

ሁለተኛው ዓይነት ፎቶን ጠቋሚ ነው። በዚህኛው ብርሃኑ ቁሱን ለማሞቅ አይጠበቅም። እያንዳንዱ የብርሃን ቅንጣት፣ ማለትም ፎቶን፣ በሴሚኮንዳክተር ውስጥ የታሰረን አንድ ኤሌክትሮን ፈትቶ ወደ ፍሰት ይለቀዋል። ይህ ዘዴ ፈጣንና እጅግ ስሱ ነው። ለዚሁ ተግባር ከሜርኩሪ፣ ከካድሚየምና ከቴሉሪየም የተቀመመው ቁስ እ.ኤ.አ. በ1959 በእንግሊዝ አገር ከተሠራ ወዲህ እስከ ዛሬ ከዘርፉ ግንባር ቀደም ቁሶች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ዋጋው ግን ቅዝቃዜ ነው።

የዩኒቨርሲቲው መሣሪያና የናይትሮጅን ዕዳ

ከጉለሌ ወደ መሀል ከተማ ሲወረድ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በግንቦት 2001 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ከጀርመኑ የካርልስሩኸ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጋር በመተባበር አንድ የታህተ ቀይ ስፔክትሮሜትር ሥራ አስጀመረ። መሣሪያው የሚያየው ፀሐይን ነው። ሥራው ግን ስለ ፀሐይ አይደለም፤ የፀሐይ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ የጎደለውን ይመዘግባል። እያንዳንዱ ጋዝ የራሱን የሞገድ ርዝመት መርጦ ይውጣል። ለምሳሌ ሚቴን በ3.3 ማይክሮ ሜትር፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ በ4.7 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ያለውን ይወስዳል። በጎደለው ብርሃን መጠን ከራሳችን በላይ ያለው ጋዝ ምን ያህል እንደሆነ ይሰላል። ዶክተር ግዛው መንግሥቱና ባልደረቦቻቸው በዚህ መሣሪያ የኦዞንን መጠን ለክተው፣ ከሳተላይት መረጃ ጋር አመሳክረው እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመዋል። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነውና እንዲህ ያሉ መለኪያዎች እጅግ በሳሱበት አህጉራችን ይህ ትልቅ ሥራ ነው።

የመሣሪያው ጠቋሚዎች ሁለት ሲሆኑ፣ አንዱ ከኢንዲየምና ከአንቲሞኒ፣ ሌላው ቀደም ሲል ከጠቀስነው የሜርኩሪ ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። እንደነዚህ ያሉ ጠቋሚዎች የተለመደ ማቀዝቀዣቸው ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን በባሕር ጠለል ላይ በ77 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ደግሞ ወደ ሁለት ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል። በአገራችን ይህን ፈሳሽ በይበልጥ የሚያውቁት ፊዚክስ ያጠኑ ሳይሆኑ የከብት አዳቃይ ቴክኒሻኖች ናቸው። በቃሊቲ የተቋቋመው የሰው ሠራሽ ማዳቀል ማዕከል የኮርማ ዘር የሚያቆየው በዚሁ ፈሳሽ ነው።

እኛም በውጭ አገር ለዶክትሬት ዲግሪ ስንማር የዘወትር የጠዋት ተግባራችን የናይትሮጅኑን ዕቃ ከምድር ቤት ቀድቶ ማምጣት ነበር። በዚያ አገር ናይትሮጅን እንደ ውኃ በቧንቧ የሚቀዳ በመሆኑ፣ ተግባሩ እንደ ተራ ነገር ይታየን ነበር። ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላ በአንድ ተቋም ውስጥ በጨርቅ ተሸፍኖ የተቀመጠ መልካም መሣሪያ አየን። አልተበላሸም። ጠቋሚው የሚጠጣው ናይትሮጅን በወቅቱ ስላልተገኘለት ብቻ ሥራ ፈትቶ ነበር። ናይትሮጅኑ በተገኘ ጊዜ ተማሪዎቹ ፈተና ላይ ነበሩ፤ ፈተናው ሲያልቅ ናይትሮጅኑ ተንኖ አለቀ። የመሣሪያ ዋጋ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው፤ የቅዝቃዜ ዋጋ ግን የሚከፈለው በየቀኑ ነው።

ስለምን ቅዝቃዜ?

ከዚህ ላይ አንድ አጭር ስሌት እናድርግ። የ10 ማይክሮ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው አንድ ፎቶን የሚይዘው ኢነርጂ 0.124 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ፎቶኑ ኤሌክትሮኑን እንዲፈታው ከተፈለገ የኤሌክትሮኑ እሥራት ከዚህ መጠን መብለጥ የለበትም። ነገር ግን ቁሱ ራሱ ሞቃት ነው፤ አተሞቹ ይንቀጠቀጣሉ። በ300 ኬልቪን የዚህ ንቅጥቃጥ ልክ 0.026 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። የሁለቱ ንጽጽር 4.8 ይሆናል። የቦልትዝማን ሕግ እንደሚያስተምረን፣ አንድ ኤሌክትሮን ያለ ብርሃን፣ በሙቀት ብቻ ተፈትቶ የመገኘት ዕድሉ በሻካራ ግምት ከ120 አንድ ነው። ቁሱን ወደ 77 ኬልቪን ብናወርደው ንጽጽሩ 18.7 ይሆናል፤ ዕድሉም ከ130 ሚሊዮን ወደ አንድ ይወርዳል።

መጠነ ሙቀቱ የቀነሰው አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ በሐሰት የሚፈቱት ኤሌክትሮኖች ግን ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ቀነሱ። በሞቀ ፎቶን ጠቋሚ ደካማ ብርሃን መለካት በመርካቶ መሀል ሹክሹክታን እንደ ማዳመጥ ነው። ናይትሮጅኑ ሹክሹክታውን አያጎላም፤ ገበያውን ይበትናል።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ሊል የሚገባው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ቅዝቃዜ የታህተ ቀይ ብርሃን ጠባይ የጠየቀው ግዴታ አይደለም። ኤሌክትሮንን ከእሥራት በመፍታት ላይ የተመሠረተ የአንድ ዓይነት ጠቋሚ ግዴታ ነው። ምልክቱን በሌላ መንገድ የሚይዝ ቁስ ከተገኘ ዕዳው ሊቀር ይችላል። ስፒንትሮኒክስ ወደ ጉዳያችን የሚገባው በዚህ በር ነው።

ማግኔትን ከሙቀት ምን አገናኘው?

ኤሌክትሮን የኤሌክትሪክ ሙል ብቻ ያለው አይደለም። ስፒን የሚባል ሁለተኛ ጠባይም አለው። ስፒን በቃል ትርጉሙ መሾር ማለት ቢሆንም ኤሌክትሮን እንደ እንዝርት ይሾራል ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያመለክት ደቃቅ ማግኔት ነው ማለት ይበቃል። የተለመደው ኤሌክትሮኒክስ የሚጠቀመው በሙሉ ብቻ ነው። ስፒንትሮኒክስ ሁለቱንም ይጠቀማል።

ዘርፉ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1988 የፈረንሳዩ አልበርት ፌር እና የጀርመኑ ፒተር ግሩንበርግ፣ አንዱ ከሌላው ተለይተው፣ በስስ የማግኔት ንብርብሮች ውስጥ ሬዚስታንስ እንደ ማግኔቶቹ አቅጣጫ በብዙ እንደሚለዋወጥ ባገኙ ጊዜ ነው። በዚሁ ግኝት እ.ኤ.አ. በ2007 የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ማግኔታዊ ቱኔል ጃንክሽን የሚባለው ሥሪት ነው። ሁለት የማግኔት ንብርብሮች በመካከላቸው አንድ ናኖ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው የማግኒዚየም ኦክሳይድ ግድግዳ ይለያያሉ። ግድግዳው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ነገር ግን ከመሳሳቱ የተነሣ ኤሌክትሮኖች በኳንተም ጠባያቸው ሾልከው ያልፉታል። ሁለቱ ማግኔቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ብዙ ያልፋል፤ ሲቃረኑ ጥቂት። እ.ኤ.አ. በ2004 በጃፓንና በአሜሪካ የተሠሩ ጃንክሽኖች በተራ የክፍል ሙቀት ወደ 200 በመቶ ገደማ የሚደርስ የሬዚስታንስ ልዩነት አሳይተዋል። በኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃ የሚያነበው ጫፍ የተሠራው በዚህ ዘዴ ነው። ሃርድ ዲስክ ያለው ኮምፒዩተር የተጠቀመ ተማሪ፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ ከስፒንትሮኒክስ ጋር ተዋውቋል። ያ ጫፍ ደግሞ የሚሠራው ያለ ናይትሮጅን ነው።

ሙቀት በእንዲህ ያለ ሥሪት ላይ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው በጃፓን አገር ኬን-ኢቺ ኡቺዳ፣ ኤይጂ ሳይቶህና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት የስፒን ዜቤክ ውጤት ነው። የማግኔት ቁስ አንዱ ጎን ሲሞቅ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው የስፒን ፍሰት ይነሣል። በላዩ የተለበጠው ስስ የፕላቲነም ንብርብር ይህን ፍሰት ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ይለውጠዋል። ውበቱ ማግኔቱ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ቢሆንም መሥራቱ ነው። ድክመቱ ደግሞ የሚገኘው ቮልቴጅ ለእያንዳንዱ ዲግሪ በማይክሮ ቮልት የሚቆጠር እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የቱኔል ጃንክሽኑ ነው፤ በዚህኛው ላይ ጥቂት እንቆያለን።

የወርቅ ሚዛን

ከጃንክሽኑ ሁለት ማግኔቶች አንዱ አቅጣጫው የታሰረ፣ ሌላው ነፃ ነው። ነፃው ንብርብር ከኮባልት፣ ከብረትና ከቦሮን ሲሠራና ውፍረቱ ወደ 1.4 ናኖ ሜትር ሲጠጋ በሁለት ዝንባሌዎች መካከል ይያዛል። ቅርጹ በንብርብሩ ገጽ ላይ ተጋድሞ እንዲያመለክት ይገፋዋል። ከማግኒዚየም ኦክሳይዱ ጋር የሚዋሰንበት ገጽ ደግሞ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይጎትተዋል። ውፍረቱን በጥንቃቄ በመምረጥ ሁለቱን እኩል ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ ማግኔቱ ባዶ ሳህኖቹ እንደተስተካከሉለት የወርቅ ሚዛን ይሆናል።

አሁን በላዩ ታህተ ቀይ ብርሃን ይረፍበት። ጃንክሽኑ በጥቂቱ ይሞቃል። የሁለቱ ዝንባሌዎች ኃይል በሙቀት የሚቀንስበት መጠን እኩል ስላልሆነ ሚዛኑ ይዛባል፤ ማግኔቱ ያዘነብላል። ሲያዘነብል ከታሰረው ማግኔት ጋር የሚሠራው ማዕዘን ይለወጣል፤ ከማዕዘኑ ጋር ሬዚስታንሱ ይለወጣል። ቫናዲየም ኦክሳይድ ለአንድ ዲግሪ 2 በመቶ የሚሰጠው በተፈጥሮው ነው፤ ብዙም ልንጨምርበት አንችልም። በማግኔቱ በኩል ግን ስሜቱን የምንወስነው እኛው ነን፤ ውፍረቱን፣ የውጭ ማግኔታዊ መስኩንና ቮልቴጁን እያስተካከልን ሚዛኑን የበለጠ ስሱ ልናደርገው እንችላለን።

ከዚህም አልፎ ማግኔቱን በኤሌክትሪክ ፍሰት ያለማቋረጥ እንዲወዛወዝ ማድረግ ይቻላል። በጃፓን የኦሳካ ዩኒቨርሲቲው ሚኖሪ ጎቶና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተሙት ሥራ በዚህ መንገድ የሄደ ነው። በጃንክሽኑ ውስጥ የሚፈጠር ሙቀት የማግኔቱን ውዝዋዜ እንዲቀሰቅስ አድርገው፣ ማቀዝቀዣ የማያሻው የስፒን ቦሎሜትር አሳይተዋል። የተጠቀሙበት ሙቀት በኤሌክትሪክ የተፈጠረ እንጂ ከሩቅ አካል የመጣ ታህተ ቀይ ብርሃን አልነበረም። ይሁንና ሙቀት በናኖ ሜትር ዓለም ማግኔትን አንቀሳቅሶ በክፍል ሙቀት የሚነበብ ምልክት እንደሚሰጥ ማስረጃ ነው።

የጃንክሽኑ ጥቃቅንነት ሌላ ጥቅምም አለው። ትንሽ ጀበና ከትልቅ ጋን ቀድሞ እንደሚፈላ፣ በናኖ ሜትር የሚለካ ምሰሶም በቅጽበት ይሞቃል፤ በቅጽበትም ይበርዳል። የዛሬዎቹ የካሜራ ቦሎሜትሮች ለዚህ በሺህኛ ሰከንድ የሚቆጠር ጊዜ ሲፈጁ፣ ጃንክሽኑ ከዚያ በብዙ ሺህ ጊዜ የፈጠነ ሊሆን ይችላል።

የማይታለፈው ወሰን

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ተማሪ ነገሩ ሁሉ ያለቀለት ሊመስለው ይችላል። መምህር ተስፋን ብቻ ነግሮ ቢያልፍ ግን ግማሹን እንደ ደበቀ ይቆጠራል። እንቅፋቶቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው የስፋት ጉዳይ ነው። የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 10 ማይክሮ ሜትር፣ የጃንክሽኑ ወርድ ደግሞ 0.1 ማይክሮ ሜትር ቢሆን፣ ጠቋሚው ከሚይዘው ሞገድ በመቶ እጅ ያንሳል። ዝናብን በእንዝርት ጫፍ ለመቀበል እንደ መሞከር ነው። ስለዚህ ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ጃንክሽኑ የሚያደርስ አንቴና ወይም ሙቀት መጣጭ ገበታ መጨመር ግድ ይሆናል። ገበታው በሰፋ ቁጥር ደግሞ ሙቀት የማጠራቀም አቅሙ ይጨምራል፤ ቀደም ሲል ያወደስነው ፍጥነትም ይቀንሳል።

ሁለተኛው የሚዛኑ ጉዳይ ነው። ወርቅ ሻጭ ስሱ ሚዛኑን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የሚያኖረው ትንፋሽ እንኳ ስለሚያንቀሳቅሰው ነው። ማግኔቱም ለሙቀት ስሱ እንዲሆን በተስተካከለ መጠን አቅጣጫውን የሚያጸናው የኢነርጂ ግንብ ይሳሳል፤ የአተሞቹ ንቅጥቃጥም እንዳሻው ያወዛውዘዋል። ምልክቱና ጫጫታው አብረው ያድጋሉ። ለዚህ ንቅጥቃጥ የመስተዋት ሣጥን የለውም፤ ያለው ከውስጥ ነውና። እንዲህ ያለ በሙቀት የሚነሣ መናወጥ ለአገራችን የፊዚክስ ማኅበረሰብ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ትውልድ ያስተማሩትና እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበርን የሳካሮቭ ሽልማት የተቀበሉት ዶክተር ሙሉጌታ በቀለ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሲመረምሩት የኖሩት አንዱ ርዕስ በሙቀት የሚናወጡ ደቃቅ ቅንጣቶች ሥራ ሊሠሩ የሚችሉበትን ሁኔታ ነው። የእነርሱ ጥናት ስለ ታህተ ቀይ ጠቋሚ አልነበረም፤ ነገር ግን በጃንክሽኑ ውስጥ ያለውን ማግኔት ለመረዳት የሚያስፈልገው ሒሳብ የዚያው ቤተሰብ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የጠነከረው ነው፤ ምንም ዓይነት ብልሃት አያልፈውም። ፎቶኖች የሚመጡት እንደ ወታደር ሰልፍ ሳይሆን በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ በዘፈቀደ ነው። በክፍል ሙቀት ያለ ጠቋሚ ይህን ዝናብ ከአካባቢው ይቀበላል፤ ራሱም መልሶ ያዘንባል። የዚህ ልውውጥ መዋዠቅ ብቻውን ወሰን ያበጃል። በ300 ኬልቪን ያለ፣ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ እንከን የሌለው ሙቀት ጠቋሚ በአንድ ኸርዝ የድግግሞሽ ስፋት ለይቶ ሊያውቀው የሚችለው ኃይል የአንድ ዋት 20 ቢሊዮንኛ ገደማ ነው። ጠቋሚው ከቫናዲየም ይሠራ ከማግኔት፣ ከዚህ በታች አይወርድም። እጅግ ሩቅ የሆነን ኮከብ ደካማ የሙቀት ብርሃን ማየት የሚሻ ሰው ዛሬም ነገም መሣሪያውን ማቀዝቀዝ አለበት።

ስለሆነም ስፒንትሮኒክስ ናይትሮጅንን ከዓለም ያጠፋል የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትመኑት። ሊያደርግ የሚችለው ሌላ ነው። ያልቀዘቀዙ ጠቋሚዎችን ወደዚያ የተፈጥሮ ወሰን ማስጠጋት፣ ማፍጠንና የማስታወሻ ቺፕ በሚመረትበት ዘዴ በብዛት እንዲሠሩ ማስቻል ነው። በወሰኑና ዛሬ በምንጠቀምባቸው ርካሽ መሣሪያዎች መካከል ያለው ክፍተት ገና ሰፊ ነው። የምርምሩ ሥፍራም ያ ክፍተት ነው።

ለእኛስ?

ክፍተቱ ለእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ በእንጦጦ ላይ ሆኖ ማሰብ ይቻላል። በጫካው ውስጥ በሌሊት የሚነሣን እሳት ገና ጭሱ ሳይታይ የሚያይ ጠቋሚ፤ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የላላ መጋጠሚያ ከመቃጠሉ በፊት ሲግል የሚያሳይ ካሜራ፤ በከተማው ላይ የሚያንዣብበውን ጋዝ በየቀበሌው የሚለካ ትንሽ ሣጥን። እነዚህ ሁሉ የኮከብ ተመልካችን ስሜት አይሹም። የሚሹት በየቀኑ ናይትሮጅን የማይጠይቅ፣ በጨርቅ የማይሸፈን መሣሪያ ነው።

ቱኔል ጃንክሽን ለመሥራት እጅግ ንጹሕ ክፍልና ውድ የሆነ የንብርብር መጣያ መሣሪያ ያስፈልጋል። ለመረዳት ግን አያስፈልግም። የማግኔት ንብርብሮችን እንቅስቃሴ በኮምፒዩተር የሚያሰሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያዘጋጀው ኡምፍና በቤልጂየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሙማክስ የታወቁት ናቸው። አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የማግኔቱን ውፍረት እየለዋወጠ ሚዛኑ የሚስተካከልበትን ነጥብ በራሱ ኮምፒዩተር መፈለግ ይችላል። ምልክቱና ጫጫታው አብረው ሲያድጉ የትኛው ይቀድማል የሚለው ጥያቄ ንጹሕ ክፍል አይጠይቅም፤ ወረቀት፣ እርሳስና ትዕግሥት ይጠይቃል።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ደግሞ በዚህ ሳምንት ይህን ሙከራ እንድትሠሩ እንጋብዛለን። ሁለት እኩል የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮዎች ውሰዱ። አንዱን ወልውላችሁ አብረቅርቁት፤ ሌላውን በሻማ ጥላሸት አጥቁሩት። በሁለቱም እኩል ትኩስ ውኃ ሙሉባቸው። ከዚያም ሳትነኩ መዳፋችሁን ከጎናቸው በእኩል ርቀት አስጠጉ። ውኃው እኩል ትኩስ ሆኖ ሳለ ጥቁሩ ይበልጥ ያሞቃችኋል። ለምን እንደሆነ ለመምህራችሁ አስረዱ፤ የግንባር ቴርሞሜትር በሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ሲደቀን ስለምን እንደሚሳሳትም አብራችሁ ታገኙታላችሁ።

በዚያች ቅጽበት መዳፋችሁ የቀጨኔዋን ሸክላ ሠሪ መዳፍ ሥራ ይሠራል፤ በሞቀ ዓለም ውስጥ፣ ሞቃት ሆኖ ሳለ፣ ሌላውን ሙቀት ይለያል። የፊዚክስ ሊቃውንት በ1.4 ናኖ ሜትር ማግኔት የሚሞክሩትም ይህንኑ በሚሊዮን ጊዜ በጠራ ስሜት ማድረግን ነው።